ነጩ ዝቃጭ፦ የባሕር አረምና የብር ናኖ ቅንጣቶች

የብር ናኖ ቅንጣት ለመሥራት የተለመደው መንገድ ሲልቨር ናይትሬትን እንደ ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ባለ ብርቱ ኬሚካል ሪዲዩስ ማድረግ ነው። “አረንጓዴ” የሚባለው መንገድ ይህን ሥራ ለዕፅዋት ወይም ለአልጌ ጭማቂ ይሰጣል። የባሕር አረም ፖሊሳካራይዶች፣ ፖሊፌኖሎችና ፕሮቲኖች ለብር አዮን ኤሌክትሮን ይሰጣሉ፤ ቅንጣቶቹንም ሸፍነው እንዳይጣበቁ ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የሕንድ ተመራማሪዎች ሳርጋሰም ዋይቲ በተባለ ቡናማ አረም ከ8 እስከ 12 ናኖሜትር የሆኑ የወርቅ ቅንጣቶች መሥራታቸውን አሳትመዋል።

እኛ ባሕር ስለሌለን ደርቆ የታሸገ አረም ነው የተጠቀምነው። ቀቅዬ፣ አጥልዬ፣ 1 ሚሊሞላር ሲልቨር ናይትሬት ላይ ጠብ ሳደርገው ወዲያው እርጎ መሰለ! የጠበቅሁት ቀስ ብሎ የሚመጣ ቢጫ ቡናማ ቀለም ነበር። ነጩ ነገር መስኮት አጠገብ ቆይቶ ሲጠቁር ግን “ይኸው ሠራ” ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ተሳስቻለሁ።

ነገሩ ጨው ነው። የሲልቨር ክሎራይድ ኬኤስፒ 1.8 × 10⁻¹⁰ ነው። ብሩ 10⁻³ ሞላር ከሆነ ዝቃጭ ለማስጀመር 1.8 × 10⁻⁷ ሞላር ክሎራይድ ይበቃል። የባሕር ውሃ ግን 0.55 ሞላር ገደማ ይዟል፤ ሦስት ሚሊዮን እጥፍ ማለት ነው። አረሙ ይህን ጨው በላዩም በውስጡም ተሸክሞ ይመጣል። መጥቆሩም ማስረጃ አይሆንም፤ ሲልቨር ክሎራይድ ብርሃን ሲነካው ይጠቁራል፣ የጥንት ፎቶግራፍ ወረቀትም የሚሠራው በዚሁ ነበር። ወርቅ ላይ ይህ ችግር የለም፤ ክሎሮኦሪክ አሲድ ራሱ ክሎራይድ አለበትና።

ለማጣራት ነጩ ላይ አሞኒያ ጨመርኩ፤ ሟሟ። ብረታ ብሩ ቢሆን እንዲህ በቀላሉ አይሟሟም። (ይህን ድብልቅ አታስቀምጡት፤ ሲቆይ የሚፈነዳ ነገር ይፈጥራል። ወዲያው በቀጭን ናይትሪክ አሲድ አሲዳማ አድርጉት።) በኤክስሬይ ዲፍራክሽን የሚያይ ደግሞ የብሩን ጫፍ 38.1 ዲግሪ ላይ፣ የሲልቨር ክሎራይዱን 32.2 ላይ ያገኘዋል። በታተሙ ጽሑፎች ሳይቀር ይህ ሁለተኛው ጫፍ ያለ ማብራሪያ ሲታለፍ አይቻለሁ።

አረሙን ደጋግሜ አጠብኩት። የእጣቢው ውሃ ነጭ መስጠቱን ቢያቆምም ስቀቅለው ተመልሶ ነጣ። በመጨረሻ ጭማቂውን በዲያሊሲስ ከረጢት አድርጌ የተጣራ ውሃ ውስጥ ሁለት ቀን ነከርኩት፤ ጨው ይወጣል፣ ትልልቆቹ ፖሊሳካራይዶች ይቀራሉ። ምናልባት ትንንሾቹ ፖሊፌኖሎች አብረው ስለወጡ ይሆናል፣ ሪአክሽኑ በጣም ዘገየ። ቢጫው የመጣው በማግስቱ ነው፤ ስፔክትሮፎቶሜትሩም 420 ናኖሜትር ላይ ጫፍ አሳየኝ።