ጋራዡን ክፍል አድርገው ለሚያከራዩ፦ ስለ ኤሌክትሪክ መስመር ማሳሰቢያ

በግቢያቸው ያለውን የመኪና ማቆሚያ ቀለም ቀብተው፣ ኮርኒስ አስመትተው፣ ወለሉን ሴራሚክ አልብሰው የሚያከራዩ ቤተሰቦች በአዲስ አበባ ብዙ ናቸው። ኪራዩ ኑሮን ይደጉማል፤ ቤት የቸገረውም ይጠለልበታል። ነገር ግን ከኮርኒሱ በላይ ያለው ገመድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አምፖል እንዲያበራ ብቻ የተዘረጋ ነው። ተከራዩ ይህን አያይም፤ ቢያይም የማስቀየር መብት የለውም። ኃላፊነቱ የአከራዩ ነው።

ከአምፖሉ መስመር ሶኬት አያስቀጥሉ። የአምፖል ገመድ እንደ ልማዱ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ነው። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ይሆናል። ያውም ሊጡ እስኪያልቅ ድረስ ረጅም ሰዓት ይሠራል። ያን ጊዜ ሁሉ ቀጭኑ ገመድ ቱቦው ውስጥ እየጋለ ይቆያል፤ ልባሱ ይለሰልሳል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በኋላ እሳቱ ኮርኒሱ ውስጥ ይጀምራል። ስለዚህ ከዋናው ማከፋፈያ ሳጥን ለክፍሉ የራሱን መስመር ያስዘርጉ፦ ለሶኬቶቹ 2.5 ገመድ በ16 አምፔር ብሬከር፣ ለምጣዱ ለብቻው ቢያንስ 4 ገመድ በ20 አምፔር። ርቀቱ ረጅም ከሆነ ባለሙያው 6 ቢልዎ አይከራከሩት።

ብሬከሩ ደጋግሞ ቢጥል በትልቅ አይቀይሩት። የሚጥለው ገመዱ ከአቅሙ በላይ ስለተጫነ ወይም የሆነ ቦታ ስለተነካካ ነው፤ ምክንያቱን ያስመርምሩ።

የግራውንድ ሽቦ ሳይኖር ክፍሉን አያከራዩ። በቆዩ ቤቶች ግራውንዱ ከብረት የውኃ ቧንቧ ጋር የታሰረበት ጊዜ አለ፤ ቧንቧው በፕላስቲክ ከተቀየረ ግን ሽቦው ከምድር ተቋርጧል ማለት ነው። በመዳብ ዘንግ እንደገና ያስተክሉ፤ በመሣሪያም ያስለኩ። ኧርዝ ሊኬጅ የሚባለውን ባለ 30 ሚሊ አምፔር መከላከያም ያስገጥሙ። ተራ ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ ኤሌክትሪክ ሰው ሲይዝ ፈጥኖ የሚያቋርጠው ይህኛው ነው።

የጋራዥ በር ብረት ስለሆነ ገመድ በክፍተቱ አያሳልፉ። በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ጠርዙ ልባሱን ይፍቀዋል፤ መዳቡ ብረቱን የነካ ቀን በሩ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። በክረምት እግሩ ርሶ የሚገባ ሕፃን መጀመሪያ የሚጨብጠው እጀታውን ነው።

ገመድ በናስትሮ ብቻ ጠቅልለው አይቀጥሉ፤ ቅጥያ ሁሉ በሞርሴቶ (በገመድ ማያያዣ) ታስሮ ስካቶላ (የመገናኛ ሳጥን) ውስጥ ይግባ። አሉሚኒየምና መዳብ በቀጥታ አይጠማዘዙ። የጋራዥ ወለል ጎርፍ ስለሚገባው ሶኬቶቹን ከፍ ያስደርጉ።

የቆጣሪውን ማኅተም ማንም እንዲነካ አይፍቀዱ። ኃይል ካነሰዎ በአቅራቢያዎ ላለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማእከል ያመልክቱ።

ሥራውን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይስጡ፤ ልስን ከመመታቱ በፊት መስመሮቹን ፎቶ ያንሱ። ነገ ሚስማር የሚመታ ሰው ይፈልገዋል።

በመጨረሻም ማጥፊያውን ያስቡ። ዋናው ሳጥን እርስዎ ቆልፈው በሚተኙበት ቤት ውስጥ ከሆነ፣ ተከራዩ ሌሊት ጭስ ቢሸተው ምን ያጠፋል? በክፍሉ በር አጠገብ የራሱን ማጥፊያ ያስገጥሙለት፤ እንዴት እንደሚዘጋም በእጁ ያሳዩት። ኃይሉ ሳይቋረጥ ውኃ እንዳይረጭ ይንገሩት፤ የአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ጥሪ 939 መሆኑንም እዚያው ይጻፉለት።