የእጅ ሥራ ክብር፦ በሥራችን ዓላማንና እርካታን ስለ ማግኘት



ሰው ነቅቶ ከሚኖርበት ጊዜ አብዛኛውን የሚያሳልፈው በሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ሥራውን እንደ ሸክም ብቻ የሚቆጥር ሰው ከሕይወቱ የሚበዛውን ክፍል ሸክም አድርጎ ይኖረዋል። በዚህ ትምህርት የምንመረምራቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ሥራ እንጀራ ከማስገኘት አልፎ ምን ትርጉም አለው? ያን ትርጉም ማግኘትስ የሠራተኛው ድርሻ ብቻ ነው ወይስ የጎረቤቶቹም ጭምር?

1. በአንድ ማሳ ላይ ስንት እጅ አለ?

ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዝን ኮሶዬን እናገኛለን። የወገራ ደጋ በዚያ በድንገት ተቆርጦ ገደል ይሆናል፤ ከገደሉ በታች ቆላው ተዘርግቶ ይታያል። መንገደኛው የገደሉን ጥልቀትና ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ያደንቃል፤ በመንገዱ ዳር ያለውን የገብስ ማሳ ግን ብዙ ጊዜ ሳያስተውለው ያልፋል።

ማሳው ሲያዩት የአንድ ገበሬና የሁለት በሬዎች ሥራ ይመስላል። ቀርበን ብንመረምረው ግን ነገሩ ሌላ ነው። መሬቱን የሚሰነጥቀውን ማረሻ ብረት ቀጥቃጭ በእሳት አግሎ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ ሠርቶታል። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስተሳስረውን ምራን ቆዳ አልፊው አዘጋጅቶታል። ገበሬው የደጋውን ብርድ የሚከላከልበትን ጋቢ ሴቶች ጥጡን ፈትለው፣ ሸማኔው ከጉድጓዱ ተቀምጦ ሸምኖታል። ገብሱ ወደ ቤት ሲገባ እንጀራው የሚጋገርበትን ምጣድ፣ ውሃው የሚቀዳበትንም እንስራ ሸክላ ሠሪዋ ከጭቃ አበጅታዋለች። በአንድ ቁራሽ የገብስ እንጀራ ውስጥ የብዙ ሰዎች ድካም አለ። የሥራ የመጀመሪያ ትርጉሙም ይህ ነው፦ ሥራ ሰውን ከሰው ጋር ያስተሳስራል፤ የማናውቀውን ሰው በማናየው ቤት ውስጥ ይመግባል።

2. ምርቱ ተወዶ ሠሪው ሲናቅ

ወደ ኮሶዬ የሚወጣው ይኸው መንገድ ከጎንደር ብዙም ሳይርቅ በወለቃ በኩል ያልፋል። ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ወንዶቹ በብረት ሥራና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ይታወቁ ነበር። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ድረስ በነበሩት ዓመታት ወደ እስራኤል ሄደዋል። የሠሩት ማረሻና ማጭድ ደጋውን ያርስና ያጭድ ነበር፤ የጎንደር ነገሥታት ሕንጻዎች ሲሠሩም ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል ነበሩ። ነገር ግን በዘመናት ውስጥ የርስት መብት ተነፈጋቸው፤ ጎረቤቶቻቸውም «ቡዳ» እያሉ ይፈሯቸውና ከማዕድ ያርቋቸው ነበር።

ይህ ንቀት በእነርሱ ላይ ብቻ የቆመ አልነበረም። በሀገራችን በብዙ ቦታ ብረት ሠሪው «ጠይብ»፣ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ አልፊው «ፋቂ» እየተባለ ተሰድቧል። ነገሩ ከመክበዱ የተነሣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ማንም ሰው ባለ እጁን በሥራው እንዳይሰድበው በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ከታወጀ መቶ ዓመት አልፏል፤ ስድቡ ግን ዛሬም ከአንዳንድ ሰው አንደበት አልጠፋም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የእጁ ሥራ ስሙን የሚያጎድፍበት ሰው እንዴት በሥራው ሊደሰት ይችላል? ልጁስ እንዴት የአባቱን ሙያ በፍቅር ይማራል? ስለ ሥራ እርካታ ስንናገር የሠራተኛውን ልብ ብቻ እንመለከታለን፤ «ትጋ፣ ሥራህን ውደድ» ብለን እንመክረዋለን። ምክሩ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ እኩሌታው ብቻ ነው። እርካታን ከሠራተኛው የሚወስድበት ብዙ ጊዜ የሥራው ክብደት ሳይሆን የጎረቤቱ ንቀት ነው።

3. ቅዱስ መጽሐፍ ምን ያስተምረናል?

የሲራክ መጽሐፍ ጸሐፊ ራሱ የመጻሕፍት ሰው ነበር፤ የጥበብን ትምህርትም ከሥራ ሁሉ አብልጦ ያከብር ነበር። ሆኖም በምዕራፍ 38 ስለ አራሹ፣ ስለ ማኅተም ቀራጩ፣ በእሳት ወላፈን ፊት ስለሚደክመው ብረት ሠሪና ስለ ሸክላ ሠሪው በዝርዝር ይናገራል። እነዚህ በሸንጎ የክብር ቦታ ባይሰጣቸውም፣ ያለ እነርሱ ግን ከተማ ሊቆም እንደማይችል ይመሰክራል፤ የሙያቸውን ሥራም ከጸሎት ጋር ያያይዘዋል።

የጌታችንም ታሪክ ወደዚሁ ያመራናል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እንደምናነበው የናዝሬት ሰዎች በጥበቡ ከተደነቁ በኋላ የተሰናከሉበት በጸራቢነቱ ነው። የሚያውቁት እጅ ሠራተኛ ያን ያህል ጥበብ ሊኖረው አይችልም ብለው አሰቡ። ባለ እጁን የሚንቅ ሰው እንግዲህ ከማን ጋር እንደሚቆም ያስተውል። ሐዋርያው ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ወንጌልን ሰብኳል፤ የእጁ ሥራ ለሐዋርያነቱ ውርደት አልሆነበትም።

4. ሥራው ወይስ ሠራተኛው?

ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1981 እ.ኤ.አ. «ላቦሬም ኤክሰርቸንስ» የተባለውን መልእክት ስለ ሥራ ጽፈዋል። እርሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው፣ ፖላንድ በጀርመን ወረራ ሥር በነበረችበት ጊዜ፣ በድንጋይ ካባና በኬሚካል ፋብሪካ የጉልበት ሠራተኛ ነበሩ። የመልእክቱ ዋና አሳብ የሥራ ክብር የሚመዘነው በሚሠራው ነገር ዓይነት ሳይሆን አስቀድሞ በሚሠራው ሰው ነው የሚል ነው። ሥራ ለሰው ተሰጠ እንጂ ሰው ለሥራ አልተፈጠረም።

ለዚህ በአቅራቢያችን መልካም ምሳሌ አለ። በ1954 እ.ኤ.አ. በጎንደር የተመሠረተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን በገጠር በአንድ ቡድን እንዲሠሩ ያሠለጥን ነበር። በሽተኛን የሚያክመው ሰው ይመሰገናል፤ ምንጭ እንዲጎለብትና መጸዳጃ እንዲቆፈር የሚደክመውን ግን ማንም ስሙን አያነሣም። ሆኖም በንጹሕ ውሃ ምክንያት ያልታመመው ሕፃን የዚያ ሰው የድካም ፍሬ ነው። ብዙ መልካም ሥራ እንዲህ ነው፤ ፍሬው ያልደረሰ ክፉ ነገር ስለሆነ አይታይም።

5. ክብር ያለ ፍትሕ ባዶ ነው

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንድ ነገር ሊጠነቀቁ ይገባል። «ሥራ ሁሉ ክቡር ነው» የሚለው ትምህርት ለድሀው የዝምታ ማዘዣ እንዳይሆን። ር.ሊ.ጳ. ሌዎን 13ኛ በ1891 እ.ኤ.አ. «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክት ለሠራተኛው ራሱን ሊያኖርበት የሚበቃ ደመወዝ እንደሚገባው አስተምረዋል። የቀን ሠራተኛውን እያመሰገነ ሒሳቡን የሚያጓትት አሠሪ አላከበረውም። የቤት ሠራተኛዋን «ልጄ» እያለ ዕረፍት የሚነፍጋት ቤተሰብም እንዲሁ።

ደግሞም የገበሬ ልጅ ሌላ ሙያ ቢመኝ ኃጢአት አይደለም፤ የወላጆቹን ሥራ ቢያፍርበት ግን ልናስተምረው ይገባናል። ሥራ ፈልጎ ያጣውም ሰው ክብሩ ከእርሱ ጋር ነው፤ ክብሩ ከደመወዙ አልመጣምና።

6. በተግባር ምን እናድርግ?

በሥራው ዓላማ የሚሻ ሰው ማታ ማታ ሦስት ነገሮችን ራሱን ይጠይቅ። ዛሬ በሥራዬ የተጠቀመው ማን ነው? ለራሴ ቤት እንደምሠራው አድርጌ ሠርቻለሁን? የሌላውን ሥራ አክብሬ ተቀብያለሁን? ሁለቱ ጥያቄዎች የራሳችንን እርካታ ያሳድጋሉ፤ ሦስተኛው የጎረቤታችንን።

በየቁምስናውም የቅዱስ ዮሴፍ ሠራተኛ በዓል ሲከበር (ይህን በዓል ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ በ1955 እ.ኤ.አ. ሠርተውታል) ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ጫማ ሰፊውና የጽዳት ሠራተኛዋ ስለ ሙያቸው ለልጆች እንዲናገሩ ቢጋበዙ፣ ከብዙ ስብከት የበለጠ ያስተምራል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. ዛሬ የበላነው ምግብ ወደ ማዕዳችን እስኪደርስ የእነማን እጅ ነክቶታል?

ለ. በአካባቢያችን ምርቱ ተወዶ ሠሪው የሚናቅበት ሙያ አለን? ንቀቱ በምን ይገለጣል?

ሐ. በቤታችን ወይም በመሥሪያ ቤታችን ለሚያገለግለን ሰው ደመወዙን በጊዜው፣ ዕረፍቱን በአግባቡ እንሰጣለንን?

መ. በዚህ ሳምንት የማንን ሥራ በስሙ ጠርተን እናመስግን?