የታናሽ ወንድም ማሳ

ከሐረር ከተማ፣ ከሸዋ በር አካባቢ ለዚህ አምድ የተላከው ደብዳቤ የያዘው ጥያቄ ቁርጥ ያለ ነው። ደብዳቤ ጸሐፊው በውጭ እርዳታ ይንቀሳቀስ በነበረ ፕሮጀክት ውስጥ ለ9 ዓመታት በሂሳብ ሠራተኛነት ሲያገለግል ቆይቶ፣ የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2017 የውጭ እርዳታውን ሲያግድ ከሥራ ተሰናብቷል። አሁን አባቱ በ2009 ሲያርፉ በተዉት፣ በሶፊ ወረዳ በሚገኘው ግማሽ ሄክታር ገደማ መሬት መተዳደር ስላሰበ፣ ጫት ይሻላል ወይስ ቀይ ሽንኩርትና ድንች፣ የስንብት ክፍያውን ለውሃ ሞተር ቢያውለውስ ያዋጣዋል ወይ ሲል ምክር ይጠይቃል። ሦስት ገጽ የሞላው ደብዳቤ ስለ ዘር፣ ስለ ገበያ ዋጋና ስለ ሞተር ጉልበት በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። ይህ ምላሽ የሚያተኩረው ግን በሁለተኛው ገጽ መካከል እንደ ዋዛ በታለፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ «መሬቱን እስካሁን የሚያርሰው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ እሱ ያልተማረ ስለሆነ ግን ብዙ አያስቸግርም» ይላል።

ይህ ዓረፍተ ነገር የቀረውን ደብዳቤ ሁሉ ይለውጠዋል። ጥያቄው ምን ይተከል የሚል መስሎ ቢቀርብም፣ በውስጡ ያለው፣ አንድ ሰው ከሚኖርበት ማሳ ሳይጠየቅ ሊነሳ ወይም በለፋበት መሬት ላይ የታላቅ ወንድሙ የቀን ሠራተኛ ሊሆን ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ ነው። ደብዳቤው ራሱ በተለያየ ቦታ እንደሚገልጸው፣ ታናሽየው ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠው ታላቁ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በገባበት ዓመት ነው፤ ሁለቱ ነገሮች አንድ ገጽ ያህል ተራርቀው ስለተጻፉ ደብዳቤ ጸሐፊው ያገናኛቸው አይመስልም። በብዙ ገበሬ ቤት የአንዱ ልጅ ዲግሪ የሚገኘው ሌላው ልጅ ከከብቱና ከማሳው ጋር ሲቀር ነው። በዚህ መንገድ ከትምህርት የቀረን ሰው «ያልተማረ ነው» ብሎ ከውሳኔ ውጭ ማድረግ እጅግ ያሳዝናል፤ ይህን አለሳልሶ ማለፍም ለደብዳቤ ጸሐፊው ማዘን አይሆንም።

በሕግ ረገድም ነገሩ እንደተገመተው ቀላል አይደለም። በ1987 በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የሚሸጥ የሚለወጥ ባለመሆኑ፣ አርሶ አደሩ በእጁ ያለው የይዞታ መብት፣ ማለትም በመሬቱ የመጠቀምና በሕጉ ገደብ ውስጥ ለቤተሰቡ የማስተላለፍ መብት ነው። አባት ባረፉበት ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1997ቱ የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ፣ ቁጥሩ 456 የሆነው፣ «የቤተሰብ አባል» የሚለውን ሲተረጉም የባለይዞታውን መተዳደሪያ ገቢ እየተጋራ ከእርሱ ጋር በቋሚነት የሚኖር ሰው ይላል፤ ትርጉሙ የቆመው አብሮ በመኖርና አብሮ በመተዳደር ላይ ነው። በ2009 ደብዳቤ ጸሐፊው ሸዋ በር የሚኖር ደመወዝተኛ ነበር፤ ከአባት ጋር እየኖረ ሲያርስ የነበረው ታናሹ ነው። ዝርዝሩን የሚወስኑት የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱና ፍርድ ቤቱ ቢሆኑም፣ ሕጉ ወዴት እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው።

መሬቱ የሚያርሰው ነው ወይስ ከተማ የተቀመጠው የሚለውን ጥያቄ ሐረር ከዚህ በፊት በከባድ ዋጋ አስተናግዳዋለች። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካሠሩት የጀጎል ግንብ ውጭ ካሉት እርሻዎችና የአትክልት ቦታዎች ብዙዎቹ በግንቡ ውስጥ በሚኖሩ ቤተሰቦች የተያዙ ሲሆኑ፣ ሥራውን በአብዛኛው ይሠሩ የነበሩት በዙሪያው የሚኖሩ ጭሰኞች ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፍርሶ፣ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውን መሬት በ10 ሄክታር ወሰነ፤ እንደ ሕመምተኞችና ዕድሜያቸው እንዳልደረሰ ልጆች ያሉትን ለይቶ በማስቀረትም በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ከለከለ። አዋጁ በጀጎል ለብዙ ቤተሰብ መራራ እንደነበር አይካድም። ይሁን እንጂ ከተማ ተቀምጦ በሌላው ድካም መተዳደር ከዚያ በኋላ እንደ ተፈጥሯዊ መብት ሊቆጠር አይችልም፤ የሚደክመው የእናት ልጅ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

ያልተማረ የተባለው ሰው የሚያውቀውም ሊዘነጋ አይገባም። በሐረርጌ ደጋ ማሽላው ጥቅጥቅ ተደርጎ ይዘራና ሲበቅል እየሳሳ የተነቀለው ለሰንጋው ይቀርባል፤ በጫቱ ረድፎች መካከል ማሽላና በቆሎ ይገባል፤ በዚህ ዓይነት አንዲት ቁራሽ መሬት ቤተሰብን፣ ከብትንና ገበያን ታገለግላለች። ጫት ተተክሎ ለመለቀም ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል፣ ከተለቀመም ሳይጠወልግ ወደ አወዳይ ገበያ መድረስ አለበት። ሌላው አገር ደቦ የሚለውና በዚያ አካባቢ ጉዛ የሚባለው የመረዳጃ ሥራ፣ ማለትም ጎረቤቶች በተራ አንዱ የሌላውን ማሳ የሚሠሩበት ልማድ፣ የሚገኘው ቀደም ብሎ ለሌላው የደከመ ሰው ዘንድ ነው፤ ታናሹ በዚህ በኩል የዓመታት ብድር አለው፣ ታላቁ የለውም። ስለ ሞተሩም ቢሆን፣ የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ የደረቀው የጫትና የአትክልት ማሳዎችን ለማጠጣት በተጠመዱ ሞተሮችም ጭምር እንደነበር፣ እዚያው ለተማረ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ከሥራ መሰናበት ከባድ ነው። ለዓመታት በታማኝነት ሂሳብ ሲሠራ የኖረ ሰው፣ ስሙን እንኳ በማያውቁ ሰዎች ውሳኔ፣ ስለ ጥፋቱም ሆነ ስለ ሙያው ሳይጠየቅ፣ በሳምንታት ውስጥ መተዳደሪያውን ሲያጣ የሚሰማው ውርደት እውነተኛ ነው፤ ደብዳቤው «ማንም ምን ትላለህ ብሎ የጠየቀኝ የለም» ሲል የሚያሰማው ምሬትም ተገቢ ነው። ነገር ግን ይኸው ሰው በዚያው ደብዳቤ የወንድሙን መተዳደሪያ ሳይጠይቀው ሊወስን ተዘጋጅቷል። የማሳው ዕቅድ ከወንድሙ በፊት ለጋዜጣ መላኩ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ተግባራዊውን በሚመለከት፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለተጨማሪው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ስንብቱ በቅነሳ ወይም በድርጅት መዘጋት ከሆነም የ60 ቀን ጭማሪ እንደሚከፈል አውቆ ሂሳቡን ያጣራ፤ ገንዘቡንም አንድ የዝናብ ወቅት በማሳው ላይ ሳያሳልፍ በሞተር ላይ አያውጣ።

ጫት ወይስ ሽንኩርት ለሚለው ጥያቄ ከዚህ አምድ መልስ አይጠበቅ፤ መልሱ ሶፊ ነው ያለው። ደብዳቤ ጸሐፊው ወደዚያ ይሂድ፤ ሲሄድም የተዘጋጀ ዕቅድ ሳይሆን ጥያቄ ይዞ ይሂድ፤ በእናቱ ፊት ተቀምጦ ከሥራ መውጣቱን ይናገር፤ ወንድሙ በማሳው ላይ ቦታ ይሰጠው እንደሆነ፣ ከሰጠውም በምን ሥራና በምን ድርሻ እንደሆነ ይጠይቀው። ወንድሙ እምቢ ካለም እምቢታው ይከበርለት። ለሂሳብ ሙያ በሐረር የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ነጋዴዎችና የቁጠባ ተቋማት አሉለት፤ ታናሽ ወንድሙ ግን ከዚያች ግማሽ ሄክታር በቀር ሌላ መሬት የለውም።