ተሳቢን ከትራክተር ማያያዝና መብራቱን መዘርጋት

ገበሬ ሞፈርን ከቀንበር ጋር በምራን ያስራል። ምራኑ ከተበጠሰ በሬዎቹ ወደፊት ይሄዳሉ፤ ማረሻው ከትልሙ ውስጥ ይቀራል። ትራክተርና ተሳቢም እንዲሁ ናቸው። ልዩነቱ ምንድን ነው? ምራን ሲበጠስ ገበሬው በሬዎቹን አቁሞ መልሶ ያስራል። ሠላሳ ኩንታል ጤፍ የጫነ ተሳቢ ዳገት ላይ ቢበጠስ ግን ወደኋላ ይንደረደራል። ከኋላው ያገኘውን ሰውም ከብትም አይምርም።

በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ ወደ አገር እንዲገባ ተፈቅዷል። ማኅበራችሁ ትራክተር ቢገዛ ወይም ቢከራይ ሥራው ማረስ ብቻ አይሆንም። እህል ሲሰበሰብ ተሳቢ ጎትቶ ከዲማ ወደ ብቸና ወይም ወደ ደብረ ወርቅ ገበያ ይወጣል። እንግዲህ አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ ይህን ትምህርት ከትራክተሩ አጠገብ ቆማችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ማያያዣው ሁለት ነው። አንዱ የብረት ነው፤ ሁለተኛው የመብራት ነው።

በመጀመሪያ ብረቱን እንይ። ከሁለቱ ትልልቅ የኋላ ጎማዎች መካከል፣ ዝቅ ብሎ፣ ጫፉ የተበሳ ወፍራም ብረት አለ። ተሳቢ የሚያያዘው እዚህ ላይ ነው። ከሱ በላይ ማረሻውን የሚያነሱ ክንዶች አሉ። አንዳንድ ሰው መጎንበስ ሰልችቶት ሰንሰለቱን ከላይኛው ክንድ ያስራል። ይህ አደገኛ ነው! ሸክም ትራክተሩን ከፍ ካለ ቦታ ወደኋላ ሲስበው የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳል፤ ትራክተሩም ወደኋላ ይገለበጣል። ሾፌሩ ለመዝለል ጊዜ አያገኝም፤ ከሥር ይቀራል።

የትራክተሩን ቀዳዳና የተሳቢውን ቀለበት አንድ የሚያደርገው ፒን ነው። ፌሮ ቆርጦ በፒን ፋንታ ማስገባት በየቦታው ይታያል። ፌሮ ለቤት ግንባታ ነው። ከቀዳዳው ስለሚቀጥን ይንቀጫቀጫል፤ ይጎብጣል፤ ጉድጓድ ሲመታ ዘሎ ይወጣል። ፒኑ ቀዳዳውን ሞልቶ መግባት አለበት። ከሥሩም ዘሎ እንዳይወጣ መቆለፊያ ይግባለት። ፒኑ ቢሰበር እንኳ ተሳቢው እንዳያመልጥ፣ ከተሳቢው ወደ ትራክተሩ አካል ጠንካራ ሰንሰለት ይታሰር።

የተሳቢው መሳቢያ በብሎን የታሰረ ከሆነ የብሎኑን ራስ ተመልከቱ። ቁጥር ተቀርጾበታል። 8.8 የሚል ጠንካራ ነው። 4.6 የሚል ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሁለቱም ባንድ ሱቅ፣ ባንድ ሣጥን ሊገኙ ይችላሉ፤ በዓይን ሲታዩም ይመሳሰላሉ። ቁጥር ያላወቀ ሰው የተሰጠውን ይዞ ይመጣል። እናንተ ግን አንብባችሁ ትመልሱታላችሁ። ጭነት ጎትቶ ከተመለሰ በኋላ ዳዶዎቹን ደግማችሁ በቺያቬ አጥብቁ፤ በመጀመሪያው ጉዞ ይላላሉና። ብየዳ የሚያስፈልገው ነገር ካለ ወደ በያጅ ይሂድ፤ እሱ የቤት ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ መብራቱ እንለፍ። ብዙ ሰው "ተሳቢ መብራት ምን ያደርግለታል?" ይላል። ከገበያ ስትመለሱ ይመሻል። የትራክተሩን የኋላ መብራት ተሳቢው ይጋርደዋል። ከኋላ የሚመጣ አውቶቡስ የሚያየው ጨለማ ብቻ ነው። ትራክተር ደግሞ ቀርፋፋ ነው፤ ሾፌሩ ሲያየው ደርሶበታል።

ኤሌክትሪክ እንደ መስኖ ውሃ በቦይ ይሄዳል፤ ቦዩ ሽቦው ነው። ነገር ግን ውሃ ማሳ ገብቶ ይቀራል፤ ኤሌክትሪክ ግን ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። የመመለሻው መንገድ በመካኒኮች ቋንቋ ማሳ ይባላል። የእርሻው ማሳ አይደለም፤ ስሙ ብቻ ነው የገጠመው።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የባትሪውን የማሳ ገመድ ፍቱ። ከትራክተሩ ጀርባ ሰባት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ይታሰራል። ወደ ውስጡ ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ከ1 እስከ 7 ቁጥር ተጽፏል። እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ሽቦና የራሱ ቀለም አለው። በብራና መጻሕፍት ቀይ ቀለም ለቅዱሳን ስም እንደሚለይ የዲማ ሰው ያውቃል፤ እዚህም ቀለም ይናገራል። 1 ቢጫ፣ የግራ ፍሬቻ ነው። 2 ሰማያዊ፣ የጉም መብራት ነው፤ ትራክተሩ ከሌለው ባዶ ይቅር። 3 ነጭ፣ ማሳ ነው። 4 አረንጓዴ፣ የቀኝ ፍሬቻ ነው። 5 ቡናማ፣ የቀኝ የኋላ መብራት ነው። 6 ቀይ፣ የፍሬን መብራት ነው። 7 ጥቁር፣ የግራ የኋላ መብራት ነው። ግራና ቀኝ የምንለው ሾፌሩ ተቀምጦ ወደፊት ሲያይ ያለውን ነው። ይህ ቅደም ተከተል ለ12 ቮልት ነው። የትልቅ ጭነት መኪና ሶኬት ግን 24 ቮልት ነው፤ የቁጥሩም ድልድል ሌላ ነው። ያንን አምጥታችሁ አትግጠሙ።

ከትራክተሩ ሽቦዎች የትኛው የፍሬቻ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? አንድ የ12 ቮልት አምፖል ላይ ሁለት ሽቦ እሰሩ። ባትሪውን ለጊዜው መልሳችሁ አገናኙ። አንዱን ሽቦ ቀለም ከሌለው የትራክተሩ ብረት፣ ሌላውን ከምትፈትሹት ሽቦ ጋር አገናኙ። ሾፌሩ የግራ ፍሬቻ ይክፈት። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ካለ አገኛችሁት። ሌሎቹንም እንዲሁ ፈልጉ። ከዚያ ባትሪውን እንደገና ፈትታችሁ ቀጥሉ፤ ቀለምን ከቀለም እሰሩ፤ መጋጠሚያውን በፕላስተር ጠቅልሉ።

በነጩ ሽቦ ላይ አትቆጥቡ። አንዳንዱ "ብረት ከብረት ተነካክቶ የለም?" ብሎ ይተወዋል። ፒኑ ግራሶ የተቀባና የሚንቀጫቀጭ ስለሆነ መንገዱ ይቆራረጣል። ምልክቱ ይህ ነው፤ ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው አብሮ ፈዘዝ ብሎ ከበራ፣ ጉድለቱን ከነጩ ሽቦ ፈልጉ። ነጩ የሚታሰርበትን ብረት ቀለሙንና ዝገቱን ፍቃችሁ አስለቅቁ።

ወደ ተሳቢው የሚያልፈው ገመድ ትራክተሩ ሲታጠፍ እንዳይበጠስ ላላ ይበል፤ መሬት ግን አይንካ። ከተሳቢው ኋላ ግራና ቀኝ ቀይ አንጸባራቂ ለጥፉ፤ አምፖል ቢቃጠል እንኳ የሌላው መኪና መብራት ሲያርፍበት ይታያል።

ስትጭኑ፣ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ከሆነ ጭነቱ ትንሽ ወደፊት ያመዝን። ወደኋላ ካመዘነ መሳቢያው ወደላይ ይገፋል፤ የትራክተሩም የኋላ ጎማ መሬት መያዝ ያቅተዋል። የግራውና የቀኙ ፍሬን ፔዳል መንገድ ላይ አንድ ላይ ይቆለፉ። ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ አስገቡ። በፎሌ አትውረዱ። ሰው በጆንያ ላይ አይቀመጥ።

መልመጃ።
1. በሰባቱ ቁጥሮች አንጻር ቀለማቸውን በደብተራችሁ ጻፉ።
2. የተሳቢያችሁን ብሎኖች ራስ አንብቡ። 8.8 የማይል ስንት አገኛችሁ?
3. ሲመሽ አንድ ሰው ከተሳቢው ኋላ ሃምሳ እርምጃ ርቆ ይቁም፤ ሾፌሩ መብራቶቹን በየተራ ያብራ። የበራውንና ያልበራውን ጻፉ።