በንብ ተነድፎ የታመመ ሰው ቢሻለውም ሐኪም ዘንድ ይድረስ

በጣና ዙሪያ ዋናው ማር የሚቆረጠው አደይ አበባ ካበበ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ንቦቻችን ቁጡዎች ስለሆኑ ብዙ አናቢዎች ቀፎ የሚከፍቱት ሲመሽ ነው። በዚያ ሰዓት አንድ ሰው በንብ መርዝ ክፉኛ ቢታመም፣ ከዘጌ ወይም ከደሴቶቹ ወደ ባሕር ዳር የሚሻገር ጀልባ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እርዳታ በኋላ መደረግ ያለበትን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

የሕመሙ ምልክቶች

የተነደፈው ቦታ ብቻ ቢያብጥና ቢያሳክክ የተለመደ ነው። ነገር ግን ገላው ሁሉ ሽፍታ ቢያወጣ፣ ከንፈሩና ምላሱ ቢያብጡ፣ ድምፁ ቢዘጋ፣ ትንፋሽ ቢያጥረው ወይም ራሱን አዙሮት ቢወድቅ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ነው።

ወዲያውኑ የሚደረግ እርዳታ

1. በሽተኛውን ከቀፎው አርቁት። የተነደፈው ቦታ ሽታ ሌሎች ንቦችን ይጠራል።
2. ቆዳው ላይ የቀረውን መንደፊያ ሳትዘገዩ በጥፍር ጠርጋችሁ አውጡ።
3. በጀርባው አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ። ትንፋሽ ካጠረው ደግፋችሁ አስቀምጡት። እንዲቆም ወይም እንዲራመድ አታድርጉ፤ በጀልባም ላይ እንዲሁ ይሁን።
4. ዋናው መድኃኒት በጭን ጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። ሐኪም አዝዞለት የያዘ ሰው ወዲያውኑ ይወጋ፤ የሌለው በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ጭቃ መለጠፍ ይህን አይተካም።

«አሁን ተሽሎኛል» ቢልስ?

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አድሬናሊን በደቂቃዎች ውስጥ ያሽላል፤ ኃይሉ ግን ብዙ አይቆይም። ሌላ ንብ ሳይነድፈው፣ ከሰዓታት በኋላ ሕመሙ እንደገና ሊነሳ ይችላል። ቤቱ ገብቶ ከተኛ በኋላ ቢነሳበት የሚደርስለት ላይኖር ነው። በመሆኑም ቢሻለውም ወደ ጤና ጣቢያ ወይም በባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ተወስዶ ለሰዓታት ይጠበቅ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ሁለተኛ መርፌ ሊያስፈልገው ይችላል።

ማኅበሩ አስቀድሞ የሚያዘጋጀው

ቀፎ ከመከፈቱ በፊት ጀልባና ቀዛፊ ወይም መኪና ይዘጋጅ። የጤና ጣቢያው ስልክና የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 በሁሉም እጅ ይኑር። አንድ ሰው ቀፎ ሳይነካ ለመልእክት ይቆይ። የልማት ሠራተኞች ይህ መሟላቱን ከማር ቆረጣው በፊት እንዲያረጋግጡ እናሳስባለን። አንድ ጊዜ እንዲህ የታመመ አናቢም ሐኪም ሳያማክር ወደ ቀፎው አይመለስ፤ የሚቀጥለው ሊብስ ይችላል።