የአዱሊስ ፍርስራሽና የወለጋ ወርቅ

ቁርኣን በምድር ላይ እየተዘዋወርን ያለፉት ሕዝቦች ፍጻሜ ምን እንደነበረ እንድንመለከት ደጋግሞ ያሳስበናል። የዓድና የሰሙድ ታሪክ የተነገረን ለመዝናኛ አይደለም። ስለዚህ ለሙስሊም ፍርስራሽ መጎብኘት ከሽርሽር የዘለለ ትርጉም አለው። ነገር ግን ትምህርት የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚያየውን ነገር በትክክል ማወቅ አለበት። ባልተረጋገጠ ወሬ ላይ የቆመ ግሣጼ እውነትን ያዛባል።

ዛሬ የምናነሳው አዱሊስን ነው። የነቀምት፣ የጊምቢ ወይም የነጆ አንባቢ «ባሕር የሌለንን እኛን ከወደብ ፍርስራሽ ጋር ምን አገናኘን?» ይል ይሆናል። የሚያገናኘን ወርቅ ነው።

አዱሊስ በዛሬዋ ኤርትራ ከምጽዋ በስተደቡብ በዙላ መንደር አጠገብ ይገኛል። ጎብኚው እዚያ ሲደርስ የሚያየው የተደረመሰ የድንጋይ ግንብ፣ የተሰባበረ ሸክላና እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። ጥንት መርከብ ይጠብቅ የነበረው ከተማ ዛሬ ከባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ደለል ውስጥ ተቀብሯል። እ.ኤ.አ. በ1ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ግሪክኛ ጸሐፊ ስለ ቀይ ባሕር ንግድ ባዘጋጀው መጽሐፍ፣ የዝሆን ጥርስ ከናይል ማዶ ወደ አክሱም እየመጣ በአዱሊስ በኩል ይወጣ እንደነበር ጽፏል።

በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ አዱሊስን ጎበኘ። ከነጋዴዎች የሰማውንም መዘገበ። የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ አማካይነት በየሁለት ዓመቱ ሰዎቹን ሳሱ ወደምትባል የወርቅ አገር ይልክ ነበር። ከአምስት መቶ በላይ የሆኑ ተጓዦች በሬ፣ አሞሌ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ የእሾህ አጥር ያጥራሉ፤ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በአጥሩ ላይ ያስቀምጣሉ። የአገሩ ሰዎች ቀርበው በሚፈልጉት ዕቃ ላይ የወርቅ እንክብል ያኖሩና ገለል ይላሉ። ነጋዴው ከተስማማ ወርቁን ያነሳል፤ ካልተስማማ ይተወዋል፤ ባለወርቁም ይጨምራል ወይም ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ቋንቋ ሳይግባቡ በመተማመን ብቻ ይገበያዩ ነበር። ጉዞው ደርሶ መልስ ስድስት ወር ይፈጃል።

ስለ ሳሱ ትክክለኛ ቦታ ምሁራን አንድ ቃል ባይሆኑም፣ በርካቶች ወደ ፋዞግሊና ወደ ቤኒ ሻንጉል፣ ማለትም ወደ ወለጋ ምዕራብ ያመለክታሉ። በዚያ አካባቢና በነጆ ወርቅ እስከ ዘመናችን ይታጠባል። የአሶሳው ሼኽ ኾጀሌ አል ሐሰንም ለማዕከላዊው መንግሥት ወርቅ ይገብሩ እንደነበር የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። አዱሊስን ማን አጠፋው? «እስልምና ተነሥቶ ወደቡን አፈረሰ፤ አክሱምንም አንቆ ገደለ» የሚለው ቃል ሲነገር ኖሯል። ብዙ የሙስሊም ልጆችም አንገታቸውን ደፍተው ሰምተውታል። ዘመናቱን እንቁጠር። ፋርሶች የመንን ይዘው የቀይ ባሕርን ንግድ ያናጉት እ.ኤ.አ. በ570 ገደማ ነው። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወሕይ የወረደው በ610 ነው። በ615 ሰሐቦች ወደ ሐበሻ ተሰደው ነጃሺ ተቀበሏቸው፤ በ628 ደግሞ ጃዕፈርና ጓደኞቻቸው በነጃሺ መርከቦች ተመለሱ። መንገዱ የጠላትነት መንገድ አልነበረም።

ግጭት ፈጽሞ አልነበረም ብለን ግን አንዋሽም። በ20 ዓመተ ሂጅራ ኸሊፋው ዑመር በዐልቀማ ኢብን ሙጀዚዝ የሚመራ ጦር በባሕር ወደ ሐበሻ እንደላኩና ጦሩ እንደተጎዳ አጥ‑ጦበሪ መዝግቧል። አዱሊስ ፈረሰች የሚል ቃል ግን እዚያ የለም። እ.ኤ.አ. በ1907 የቆፈረው ጣልያናዊው ፓሪቤኒና በ1961 እና 1962 የቆፈረው ፈረንሳዊው አንፍሬ የአመድ ንብርብር አይተዋል። እሳቱን ማን እንደለኮሰው ግን አመድ አይናገርም። ከ2011 ጀምሮ የተካሄደው የኤርትራና የጣልያን ቁፋሮ ደግሞ የከተማው ቤተ ክርስቲያን ከተተወ በኋላ በቦታው ሙስሊሞች መቃብር እንደነበራቸው አሳይቷል። ስለዚህ የንግዱን መዳከምና የደለሉን ክምር ትቶ ጥፋቱን በአንድ ሃይማኖት ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም።

እንግዲህ ከዚህ ፍርስራሽ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። አንደኛው፣ ወደብ በራሱ አይኖርም፤ የሚያኖረው ከኋላው ያለው ወርቅ አጣቢ፣ ዝሆን አዳኝና ሲራራ ነጋዴ ነው። መተማመኑ ሲበጠስና መንገዱ ሲዘጋ ግንቡ ድንጋይ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ታሪኩን ያልጻፈ ሕዝብ ታሪኩን ሌላው በፈለገው መንገድ ይጽፍለታል።

አዱሊስ ድረስ መሄድ ለብዙዎቻችን ቀላል አይደለም። ነቀምት ግን የወለጋ ሙዚየም አለ፤ የኩምሣ ሞረዳ ቤተ መንግሥትም አለ። ጀበርቲ ነጋዴዎች ይገበያዩባቸው የነበሩ እንደ ቢሎ ያሉ የጥንት የገበያ ቦታዎችም አሉ። ወጣቶች ልጆችን ይዘው ይጎብኟቸው። የነጋዴዎቹን መንገድ፣ የመጀመሪያዎቹን መስጊዶችና የዑለሞችን መቃብር የሚያውቁ አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ፤ ቃላቸውም ከነስማቸውና ከነዘመኑ ይመዝገብ። አዛውንት በሞቱ ቁጥር የሚፈርሰውን ከተማ ማንም ቆፋሪ አያገኘውም። ወላሁ አዕለም።