አጥቂው ወደ ኋላ ሲሳብ

ወጣት፦ ጋሼ፣ አሰልጣኙ ከአጥቂነት አውርዶ አማካይ ላይ አሰለፈኝ። ግብ ካላገባሁ ማን ያየኛል?

ሽማግሌ፦ ድዋይት ዮርክን ታውቀዋለህ?

ወጣት፦ የማንችስተር ዩናይትዱን? ከአንዲ ኮል ጋር የነበረውን?

ሽማግሌ፦ እሱን። የቶቤጎ ልጅ ነው፤ የደሴቲቱ ሕዝብ 60 ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። በ1989፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ አስቶን ቪላ ካሪቢያን ሲሄድ ግራሃም ቴይለር አየውና ወሰደው። በ1998 ዩናይትድ 12.6 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለበት፤ በዚያው የውድድር ዘመን በሊጉ 18 አግብቶ የኮከብ ግብ አግቢነቱን ከኦወንና ከሃሰልባይንክ ጋር ተጋራ።

ወጣት፦ ይኸው፣ በግብ ነው የታወቀው!

ሽማግሌ፦ ቆይ እንጂ። ኑ ካምፕ ላይ ባርሴሎና ላይ የገባችውን ፈልገህ እያት። የቡድን ባልደረባው ኪን ኳሷን ሰደደ፤ ዮርክ የሚቀበል መስሎ ሳይነካት አሳለፋት። ኮል ከኋላው አገኛት፣ ለዮርክ ሰጠው፣ ዮርክም መለሰለት፣ ገባች። ተከላካዮቹ ማንን ይያዙ? በመዝገብ የኮል ናት፤ ለእኔ ግማሿ የዮርክ ናት። ዩናይትድን ደግፌ አይደለም፣ እኔ አርሰናል ነኝ።

ወጣት፦ ለአገሩስ?

ሽማግሌ፦ በ1989 ትሪኒዳድና ቶቤጎ አቻ ብትወጣ ዓለም ዋንጫ ትገባ ነበር። በገዛ ሜዳዋ፣ ሕዝቡ ቀይ ለብሶ እያየ፣ በአሜሪካ 1 ለ 0 ተሸነፈች። ዮርክ የቡድኑ ልጅ እግር ነበር፣ 18 ዓመቱ። ከዚያ 16 ዓመት ጠበቀ። በ2005 ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ማናማ ላይ ባህሬን ላይ ግብ ማግባት ግድ ሆነ።

ወጣት፦ አገባ?

ሽማግሌ፦ የማዕዘን ምት መታ። ተከላካዩ ዴኒስ ላውረንስ በግንባሩ ገጫት፤ 1 ለ 0፣ አለፉ።

ወጣት፦ ጀርመን ላይ በዓለም ዋንጫውስ?

ሽማግሌ፦ አምበል ነበር፤ የተጫወተው ግን ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ ነው። ከስዊድን ጋር ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ አቬሪ ጆን በቀይ ወጣ። በ10 ሰው ዝላታንንና ላርሰንን ይዘው 0 ለ 0 ወጡ። በውድድሩ አንድም ግብ አላገቡም፤ ትሪኒዳዶች ግን ያቺን አቻ እስከ ዛሬ ያነሷታል።

ወጣት፦ አጥቂ የነበረ ሰው እንዴት እዚያ ቦታ ቻለ?

ሽማግሌ፦ ለግብ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ተከላካይ ተለጥፎበት ኳስ መያዝ የለመደ ሰው መሐል ሜዳ ላይ አይደናገጥም። ደግሞ አጥቂ ኳስ የት እንዲደርሰው እንደሚፈልግ ከአጥቂ በላይ ማን ያውቃል? አንተ አሁን ኳስ ሳትቀበል በፊት ዞር ብለህ ማየት ትረሳለህ። ነገ ልምምድ ላይ ከእሱ ጀምር።